መቀስ የጠፋበት ጉድጓድ

ተረት ላምጣ? አምጪ በሉኛ! ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሚያንቀላፋ ወደ ቤቱ ይግባ።

በድሮ ዘመን፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ጌጡ የሚባል አናጢ ነበረ። ወሬዬ ግን የጌጡ አይደለም። በጌጡ ሆድ ውስጥ ስለነበረው መንደር ነው። መንደሩን ትልቁ አንጀት ይሉታል። ኧረ አፍንጫችሁን አትያዙ! እናንተም ውስጥ አለ።

መንደሩ ጉድጓድ በጉድጓድ ነበር። በየጉድጓዱ ሥር አንዲት እናት ትኖራለች። እናት ትወልዳለች፤ ልጅ ግድግዳውን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች፤ እየወጣች ውኃ ትመጥጣለች፤ በአምስተኛው ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ እጇን ትለቅና ከሚያልፈው ጉድፍ ጋር ትሄዳለች። አታለቅስም፣ አይለቀስላትም። ወጉ ነው።

እናቲቱ ረጅም ድርብ ክር አላት። ክሩ ላይ ቋጠሮ አለ፤ ቋጠሮው ይናገራል። አንዱ «ውኃ ምጠጪ» ይላል። አንዱ «መውለድ ይብቃሽ» ይላል። አንዱ «በአምስተኛው ቀን ልቀቂ» ይላል። ልጅ በተወለደች ቁጥር እናት የራሷን ክር አስመስላ ትቋጥርላታለች። እጅ ደግሞ እጅ ነው፣ ይስታል። ስለዚህ በየጉድጓዱ ሦስት ጠጋኞች ነበሩ፤ ወስፌ፣ አያ መቀስና ሚስቱ እመት መርፌ። ወስፌ አዲሱን ክር ይዳብስና የተሳሳተ ቋጠሮ ሲያገኝ «እዚህ!» ይላል። መቀስ «ቀጭ!» ያደርገዋል። መርፌ «እሰይ!» ብላ አስተካክላ ትቋጥረዋለች።

እዚህ! ቀጭ! እሰይ! የደህና መንደር ድምፁ ይኸው ነው።

ጠጋኞቹም ሥራ ይጨርሳቸዋል። ሲያልቁ እናት በክሯ ላይ የስማቸውን ቋጠሮ ዳብሳ ትጠራቸዋለች፤ አዲስ ሆነው ይመጣሉ።

ታዲያ እማማ ሥርጉት የምትባል እናት ነበረች። እንደ እሷ ጉድጓድ አፉ የሚያብረቀርቅ አልነበረም። ጌጡ እያረጀ ሄደ። እርጅና ሰም ያንጠባጥባል፤ አንዷ ጠብታ በሥርጉት ክር ላይ፣ ልክ በመቀስ ስም ላይ አረፈች። አሮጌው መቀስ ያለቀ ዕለት ሥርጉት ክሯን ዳበሰች። ሰም ብቻ ነው።

«አያ መቀስ! ኧረ አያ መቀስ!»

ማን ይምጣ? እመት መርፌ ሦስት ቀን ባሏን ጠበቀች። «እኔ ያለ እሱ መቆሚያ የለኝም» አለችና ዛገች፤ ተሰብራ ወደቀች። ሥርጉት አዲስ መርፌ ስትጠራም የመጣችው ሁሉ ባሏን ፈልጋ አጥታ ያንኑ ቀን ትዝጋለች። ወስፌ ብቻውን ቀረ። ይዳብሳል፣ ያገኛል፣ ይጮኻል። «እዚህ! እዚህ! እዚህ!» የሚቆርጥ የለ፣ የሚቋጥር የለ።

አገሩ ለዚህም ወግ አለው። መቀሷ የጠፋባት እናት ራሷ ወጥታ ትለቃለች፤ ባዶ ጉድጓዷን ጎረቤት በራሱ ልጆች ይሞላዋል።

«እማማ፣ እንውጣ» አላት ወስፌ።

«ወዴት?»

«ወደ አፉ ነዋ። ወጉን ታውቂዋለሽ።»

«ዝም በል! ጎረቤት ይሰማል። ይኼን ሁሉ ዘመን ስወልድ ኖሬ ዛሬ እንደ ጉድፍ ልወርድ? እኔ ሥርጉት?»

ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ደግሞ ግድግዳ ቢተነፍስ የምትሰማ ናት።

«ሥርጉት፣ የመቀስሽ ድምፅ ጠፋብኝሳ?»

«ተኝቶ ነው።»

በማግስቱ፣ «ዛሬም እንቅልፍ ነው?»

«ዘመድ ጥየቃ ሄዷል።»

«ኧረ ባክሽ! የቱ ዘመዱ ጋ፣ ምላጭ ጋ?»

በሦስተኛው ቀን፣ «ምነው ወስፌሽ እንዲህ ይጮኻል?»

«ጥርሱን አሞት ነው።»

«ወስፌ ጥርስ የለውም፣ እቴ።»

«አንቺ ምን አገባሽ! የራስሽን ጉድጓድ አጽጂ!»

ዘርፌ ገባት። ለምን አይገባት! ሄዳ ለአሥራ አንድ ጎረቤት ነገረች። አሥራ አንዱም «ወይ ጉድ!» አሉ። ከዚያ የሥርጉትን ጉድጓድ አፍ ቢያዩት እንደ ወትሮው ያብረቀርቃል። «ምንም አልሆነች፣ ደህና ናት» ብለው ተዉት። ወደ ሥሩ ወርዶ «ነይ፣ እኔ አብሬሽ እወጣለሁ» ያላት አልነበረም።

ሥርጉት ወለደች። ለመጀመሪያዪቱ «ውኃ ምጠጪ» የሚለው ቋጠሮ ተሳሳተ። «እዚህ!» አለ ወስፌ። ልጂቱ ሥራ ፈታ ወጣች፣ ለቀቀች፣ ሄደች። «ይኸው! ምን ሆነ?» አለች ሥርጉት።

ሁለተኛዪቱን ወለደች። «መውለድ ይብቃሽ» የሚለው ተሳሳተ። «እዚህ! እዚህ!» አለ ወስፌ። ልጂቱ ወለደች፣ ደገመች፣ አላቆም አለች። ጎረቤቱ ከላይ ሆኖ አጨበጨበ፤ «ወላድ በድባብ ትሂድ!»

ከሁለተኛዪቱ ሦስተኛዪቱ ተወለደች። የእናቷ ስህተት እንዳለ ሆኖ፣ በላዩ ላይ «ልቀቂ» የሚለው ቋጠሮ ጎደላት። ወስፌ ድምፁ እስኪሰልል ጮኸ። ልጂቱ በአምስተኛው ቀን አፉ ላይ ደረሰች። በስድስተኛውም እዚያው ናት። በሰባተኛውም እዚያው ናት። ልጆቿ ከሥር መጡ፤ እነሱም እንደ እሷ ተቀመጡ።

ያኔ ሥርጉት ፈራች። «ወስፌ፣ እንውጣ» አለች። ግድግዳውን እየቧጠጠች፣ በልጅ ልጆቿ መሐል እየተጋፋች ወጣች። አፉ ተደፍኗል።

«ልጄ፣ አሳልፊኝ። ልልቀቅ።»

«መልቀቅ ምንድን ነው?»

«እጅን መፍታት ነው። መሄድ ነው።»

«ለምን?»

«ወጉ ነው፣ ልጄ።»

ልጂቱ ክሯን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። «እኔ ክር ላይ የለም» አለች። አልዋሸችም። እህቶቿ ሳቁ፤ እየሳቁም ወለዱ። ሥርጉትን ወደ ታች ገፏት፣ ላይዋ ላይ ተከመሩ። ወስፌ አንድ ጊዜ ብቻ «እዚህ…» አለ። የቱን ብሎ ያሳይ? ክሩ ሁሉ ስህተት ሆኗል። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም።

የዘርፌ ግድግዳ ጎበጠ። ቀጥሎ የአሥራ አንዱ። ጌጡ በዚያች ሰዓት ደጁ ተቀምጦ እንጨት ይልጋል፤ «ተመስገን፣ ሆዴስ ሰላም ነው» ይላል።

እኔ የሰማሁትን ሳላስቀር አቀብያለሁ፤ እናንተ ይችን ያዙ፦ ጉድለቱን የደበቀ ቤት፣ በሞላ ማግስት ይፈርሳል፤ አይቶ ያወራ ጎረቤትም ፍርስራሹ አይስተውም።