ደብሪቱና የቆቅ አምባ በር

ይህ ዛሬ ፍየል የሚዘልበት ፍርስራሽ ገና ቅጥር ሳለ፣ አያቶቻችንም ገና አያት ሳይባሉ፣ ቆቅ አምባ ላይ ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። አትሳቁ፤ የሚያስቅ ወሬ አይደለም። እኔም አንገቴን ደፍቼ ነው የማወራችሁ።

አምባው ሲታጠር ግንበኞቹ ወደ አምባው የሚያወጣው መንገድ በየት ይሁን ብለው ተጨቃጨቁ። ደብሪቱ ጭቃዋን ተሸክማ ስታልፍ ሰማች።

«ጌቶቼ፣ ቅጥሩ በሚወጣው ሰው ቀኝ ይሁን» አለች። «ልጆቻችሁ ቡዳ እያሉ ድንጋይ ሲወረውሩብኝ፣ በግራ እጄ ድስት ይዤ እመክታለሁ። ከቀኝ የመጣው ግን አይስተኝም። ጠላትም ጋሻውን የሚይዘው በግራው ነው።»

ግንበኞቹ ሳቁባት። መንገዱን ግን እንዳለችው ሠሩት። ልጆቹን የተቆጣ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ከዓለቱ የተፈለፈለው የውሃ ጉድጓድ አፈሰሰ። ደብሪቱ ሰባት ቀን ጭቃ ረግጣ ውስጡን ለቀለቀችው። ጠብታ እንኳ አላመለጠም። አመሰገንናት። ከጉድጓዱ እንዳትቀዳ ግን ከለከልናት። እሷም ከወንዝ ትቀዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠላት መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ቅጥሩ ገባ። በዚያ ቀን ጉድጓዱ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ደብሪቱ ለእሱ ጭቃ ልትቆፍር ወርዳ ነበር። ሸክሟን ይዛ እያለከለከች ከበሩ ደረሰች።

«ጌታው ቢተው፣ ደብሪቱ ነኝ፣ ይክፈቱልኝ!»

በረኛው ቢተው የበሩን መወርወሪያ ያዘ። ከኋላው ሰው አጉረመረመ፤ «ቡዳዋን ከልጆቻችን ጋር ልትዘጋብን ነው?» ጠላት ገና ከወንዙ ማዶ ነበር። ቢተው ለመክፈት ጊዜ ነበረው። ሦስቴ ጠራችው፤ ሦስቴም አልከፈተም። ቢተው የእኔ ቅድመ አያት ነው።

ደብሪቱ ጭቃውን ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት እየቆረሰች ወደ ውስጥ ገፋችው። «ስንጥቁ ሳይሰፋ ድፈኑት» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ።

በጭቃዋ ደፈንነው። ጠላት በእሷ መንገድ ሲወጣ ቀኙ ተጋልጦ በድንጋይ ተወቀጠ። ዘጠኝ ቀን ከበበን፤ ዘጠኝ ቀን የእሷን ውሃ ጠጣን። ሲሄድልን በሩን ከፈትን። ደብሪቱ የለችም። ፈለግናት፤ አላገኘናትም። በምን ፊታችን እንፈልጋት? ያፈርነው ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ኀፍረቱ አልወጣልንም።

ለዚህ ነው በእኛ አገር ማታ በር የሚዘጋ ሰው «ውጭ የቀረ ሰው አለ?» ብሎ ሦስቴ የሚጠይቀው። እኛ የቢተው ዘሮች አራተኛ እንጨምራለን። «እሜቴ ደብሪቱ፣ ይግቡ» እንላለን። ከዚያ እጃችንን ከመወርወሪያው አንስተን ጥቂት እንጠብቃለን።