ዓሣውን ያስጾመው ነጋዴ

አንድ እንግዳሸት የሚባል የጨው ነጋዴ ነበር። ከዕለታት በአንዱ ወደ ቀይ ባሕር በወረደበት ጊዜ ከአጥማጆች ሁለት ዓሦች ገዛ፤ የባሕር ውኃ በበርሜል አስጭኖም ደጋ ወዳለው ቤቱ ወጣ። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ ዓሦቹን ከተተ። አንዱ ትንሽ፣ ቢጫ ነው። ሌላው አፈ ሰፊ፣ ጥርሱ የሾለ፣ ክንድ የሚያህል ነጣቂ ነው።

ከአጥማጆቹ አንዱ፣ ነጣቂውን እያሳየ፣ «ይሄኛው ካልጠገበ ጓደኛ አያውቅም» ብሎት ነበር። ስለዚህ እንግዳሸት በየማለዳው ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ይጥልለታል። ዓሣው ጠግቦ ስለሚውል ቢጫው በጎኑ ሲያልፍ አይነካውም። ነጋዴው እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «አያችሁ? እኔ ቤት አውሬውም ጨዋ ነው» ይላል።

ሁዳዴ ገባ። እንግዳሸት ጾም አጥባቂ ነው። ቢላዋውን አሳጥቦ ሰቀለና፣ «እስከ ፋሲካ ሥጋ የሚባል ደጃፌን አይረግጥም» አለ።

ሚስቱ አልጋነሽ፣ «ዓሣውስ?» አለችው።

«እሱም ይጹማ! የነነዌ ከብቶች ጾመው የለም እንዴ?»

«እነሱ የጾሙት ሦስት ቀን ነው። ይሄ ሁዳዴ ነው።»

«እንግዲያው የሽምብራ ንፍሮ ስጪው።»

«ዓሣ ንፍሮ ሲቆረጥም የት አይተሃል? ስግደትም ልታስተምረው ነው?»

«አፍሽን ያዢ! በቤቴ ሁለት ሕግ የለም።»

ንፍሮው ገንዳው ሥር ተኝቶ በሰበሰ። ዓሣው መጀመሪያ ሥጋ ይጣልለት በነበረበት ቦታ እየመጣ መስታወቱን በአፉ ይገፋ ነበር። በኋላ መግፋቱን ተወና ቢጫውን መከተል ጀመረ። አልጋነሽ ደጋግማ ለመነች። ባሏ ግን «ይለምደዋል» ይላታል።

አንድ ቀን እንግዳሸት ከቅዳሴ ሲመለስ ገንዳው ውስጥ አንድ ዓሣ ብቻ ቀርቶ አገኘ። በቁጣ ነጣቂው ላይ ጮኸ።

«በዐቢይ ጾም! በእኔ ቤት ነፍስ አጠፋህ?»

አልጋነሽ ክንዱን ያዘችው። «ተርቦ እኮ ነው።»

«እኔስ አልራበኝም?»

«አንተ ጾምክ። እሱን ግን አስራብከው።»

እጇን አስለቀቀና የገንዳውን መድፈኛ ነቀለ። ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዓሣው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆይቶ ሞተ።

ጎረቤቱ ሁሉ «እንዲህ ነው ሃይማኖት!» እያለ ነጋዴውን አመሰገነው። ፋሲካ መጣ፣ ሥጋ ተቆረጠ፣ እንግዳሸት በደስታ ፈሰከ። አልጋነሽ አልቀመሰችም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።

ጾም መልካም ነው፤ የሚጾመው ግን የራስ ሆድ ነው። ጽድቃችንን በሌላው ሆድ የምንፈጽም ብዙዎች ነን። ልጁንም፣ ሠራተኛውንም፣ ከብቱንም በማይችለው ሕግ እናስርና ሲበላሽ ክፉ ነው ብለን እንፈርድበታለን። ዓሣው ሞቷል። ፈራጁ ጻድቅ ነኝ እንዳለ ይኖራል፤ የሚመልሰውም የለም።

አንተስ፣ ቤትህ ውስጥ በአንተ ጾም የሚራብ ማን አለ?