በተዝካሩ ቀን ያለቀሰችው ሕፃን

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ የኔታ ጥበቡ፤ ከዚያ ዝም አሉ።

ዝም ያሉት አስናቀ ደብተርና እስክሪብቶ ሲያወጣ አይተው ነው። አስናቀ የከተማው ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። የሁለት ወር ልጅ አለችው። ያሳደጉት አያቱ ደግሞ ልጅቱ ልትወለድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት አረፉ። የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቶ የኔታን የጠየቃቸው ይህንኑ ነበር፦ «ልጄ አያቴን ሳታያቸው ቀረች። እንድታውቃቸው ምን ላድርግ?» ፎቶግራፋቸውን አስፍቶ ከአልጋዋ በላይ ሰቅሎታል። ፎቶግራፉ ለመታወቂያ የተነሡት ስለሆነ ሽማግሌው የተቆጡ ይመስላሉ፤ ሕፃኗም ቀና ባለች ቁጥር ታለቅሳለች። ታሪካቸውንም መጻፍ ጀምሯል።

«ደብተሩን አስቀምጠው» አሉት የኔታ። «የምነግርህ አጭር ነው። ከረሳኸው ድሮም የሚረባ አልነበረም ማለት ነው።»

አስናቀ ደብተሩን አጠፈ። የኔታም ቀጠሉ።

አንድ ገበሬ ነበረ። አባቱንም እናቱንም አያውቅም፤ ያሳደገው አያቱ ነው። ሞፈር ያስጨበጠው አያቱ፣ ሚስት ያጨለት አያቱ፣ ጎጆ ያወጣው አያቱ ነው። ገበሬው ትዝ የሚለው አያት ብርቱ ዐራሽ፣ የታወቀ ሸምጋይ፣ በገበያ ቀን ሰው ተነሥቶ የሚያስቀምጠው ሽማግሌ ነበረ። ይህን ትዝታ እንደ ርስት ይጠብቀው ነበር።

ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደችለት። በአምስተኛው ቀን አያቱ ሞተ። ሽማግሌው ሊሞት ሲያጣጥር ስለ ሕፃኗ ቢነግሩት «እንግዲያው ቦታ ልልቀቅላት» አለ ይባላል። ገበሬው ግን ይህን አልሰማም፤ ከደጅ ካለው ዋርካ ሥር ሆኖ ያለቅስ ነበር።

ከቀብር ሲመለስ ማለ። «አያቴን ይህ አገር አይረሳቸውም። በአርባቸው እንዲህ ያለ ተዝካር አወጣለሁ፣ ሰው ዘመኑን በእሱ ይቆጥራል» አለ።

እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ የሟችና የአራስ ድግስ ተያዘ። ጎተራው ግን አንድ ነው። ለአራሷ ገንፎ የተቀመጠው ገብስ ለጠላ ብቅል ተነከረ። ለአራሷ የታሰበው ሙክት «ለተዝካሩ ይድለብ» ተባለ። ቅቤው በቅል ተሞልቶ አፉ ታሸገ። ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሚስቴን በደልሁ ብሎም አላሰበም። በየማለዳው ከጓዳው መጋረጃ ውጭ ቆሞ «እንደምን አደርሽ?» ይላታል፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። ይህ መልስ በአገራችን ለጤነኛውም ለሚሞተውም አንድ ነው።

አማቱ አራስ ልጇን ልታርስ ከወንዝ ማዶ መጥታ ነበር። አንድ ቀን ብቅሉ ከተሰጣበት ዘንድ አገኘችውና፣

«ልጄ፣ አራስ በወሬ አትጠግብም። ገብሱን መልስ» አለችው።

«እናቴ፣ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ። ተዝካሩ ብቻ ይለፍ። ከዚያ በኋላ የወደዱት ይታረድላታል።»

«የሞተ ሰው መቼ ራበው?»

«ስም ይርበዋል» አለ ገበሬው። ትልቅ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር። አማቱ ቀጭኑን አጥሚት ልታማስል ተመለሰች።

ሕፃኗ ታለቅሳለች። ገበሬው «ሕፃን ያለቅሳል» ብሎ ስለሚያውቅ ልቅሶዋን መስማት ተወ። አቅፏትም አያውቅ። በዚያ መንደር ለአባት ልጅ ማዘል ይቅርና ክርስትና ያልተነሣ ጨቅላ ማቀፍም ነውር ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ ከጓዳ አትወጣም፣ የሰው ዐይን አያያትም። ይህ ደንብ ለገበሬው ተመቸው። ሰው የተመቸውን ደንብ ሲጠብቅ ጻድቅ የሆነ ይመስለዋል።

የተዝካሩ ቀን ደረሰ። ዳሱ ግቢውን ሞላው፤ ሁለት በሬ ወደቀ፤ ሦስት መቶ ሰው ተቀመጠ። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀመጡ። አንድ ደብተራ ተነሥቶ ለሟቹ ቅኔ ተቀኘ። ቅኔው በግእዝ ስለ ነበር ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም አልገባውም። ገበሬው አዲስ ጋቢ ለብሶ ከዳሱ በር ቆመና የአያቱን ስም ለመስማት ጆሮውን አቀና።

«ጠላው ጌሾ በዝቶበታል» ይላል አንዱ።

«ተው እንጂ፣ አምና በእነእንትና ተዝካር የጠጣነው ውሃ አልነበረም? ይሄ ሺህ ጊዜ ይሻላል።»

«በቅሎህን ሸጥካት ወይ?»

«ማን ይገዛታል! ከኔ ሌላ ሞኝ አላገኘሁም።»

ገበሬው አላስቻለውም። መሀል ገብቶ «አያቴ…» አለ። «ጎሽ!» አሉት ከዳር። «አያቴ ዐራሽ ነበሩ፤ ሸምጋይ ነበሩ፤ እውነት ተናጋሪ ነበሩ።» «ነፍስ ይማር» አለ ዳሱ ባንድ ድምፅ፤ ከዚያም ወጥ እንዲጨመር ጠየቀ። ዐራሽና ሸምጋይ ነበር ሳይባል የተቀበረ ሽማግሌ የት አገር አለ? ወሬው ወደ በቅሎዋ ተመለሰ።

በዚህ መካከል የሕፃኗ ልቅሶ ከጓዳ ወጣ። መጀመሪያ ስለታም ነበር፤ ቆይቶ እየሳሳ ሄደ። ገበሬው አማቱን ጭልፋ ይዛ ስታልፍ ያዛት።

«እናቴ፣ ያቺን ልጅ ዝም ያሰኙልኝ እንጂ! ዛሬ እኮ የአያቴ ቀን ነው!»

«እኔ የአያትህን እንግዳ እያበላሁ ነው» አለችው። «እናቷ ትኩሳት ይዟት ቀና ማለት ተስኗታል። ዝም እንድትልልህ ከሆነ ግን አትቸኩል። እየደከመች ነው፤ ጥቂት ቆይታ በራሷ ዝም ትላለች።»

ገበሬው መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ሚስቱ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ተኝታለች። በአርባ አምስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» አላለችውም።

«ጡቴ ደርቋል» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ሕፃኗን አነሣት። ገበሬ ክብደት ያውቃል፤ እህል በእጁ አንሥቶ ሳይሰፍር ስንት ቁና እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው። እሷን ሲያነሣ ግን እጁ ካሰበው በላይ ሽቅብ ሄደበት፤ ሙሉ መስሎት ባዶ ቅል እንዳነሣ ሰው ሆነ። ከቀብሩ ቀን ይልቅ ያን ጊዜ ሞትን በቅርብ አየው።

ለካህናቱ ወጥ የታሰበውን ቅቤ እሽጉን ፈታው። ከበሬው መረቅ በዋንጫ አስቀዳ። ሕፃኗን ሲያስተኛት ታለቅሳለች፤ ሲያነሣት ደግሞ ሁለት እጁ ይያዛል። ስለዚህ ከግድግዳው አንቀልባውን አወረደና ሊያዝላት ሞከረ። ጣቶቹ አያውቁበትም።

«በብብትህ ሥር አሳልፈው» አለችው ሚስቱ ከተኛችበት። «እንዲያ አይደለም… ጠፍሩን አላላው… አዎ፣ አሁን አንገቷን ቀና አድርግላት።»

ልጅቱን አዝሎ ለሚስቱ መረቁን አጠጣት። ገንፎ አገነፋ፤ ጓጎለበት፤ በቅቤ አሰመጠውና አቀረበላት። እሷም በላች። ለሕፃኗ ግን ወተት ያስፈልጋል፤ የምትታለበው ፍየል ደግሞ ከዳሱ ማዶ ነው የታሰረችው። ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ በሦስት መቶ ሰው መሀል ነው።

ገበሬው ከመጋረጃው ሥር ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወጣ።

አማቱ ጭልፋዋን ጣለች። «ኡኡ! ክርስትና ያልተነሣች ልጅ! ለዚህ ሁሉ ዐይን!»

«አራሱ አንተ ነህ እንዴ ወንድሜ?» አለ አንድ ጎረምሳ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ገበሬው ጆሮው እንደ ፍም ጋለ፤ እግሩን ግን አላቆመም። ለአያቱ ስም ሲል ያዘጋጀው ቀን፣ አገር ሁሉ እያየው፣ መሳቂያ አደረገው።

ከመደቡ ጫፍ ከሟቹ ጋር አብሮ ያደገ አንድ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሌሎቹን አይመስልም፤ እንባው ይወርዳል።

«ሞግዚቱ!» አለ። «እናንተ ሰዎች፣ ሞግዚቱ ተመልሶ መጣ!»

ገበሬው ቆመ። «ሞግዚቱ ማነው?»

«አያትህ ነዋ! እናትህ አንተን ወልዳ ስትሞት ማን ያዘለህ ይመስልሃል? አንተን አዝሎ ያርስ ነበር እኮ! ፍየሏን ከትልሙ ዳር አስሮ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስና ያልባታል፤ ወተቱን በጥጥ እየነከረ በአፍህ ያንጠባጥባል። ስንት ስቀንበታል! ‹ሞግዚቱ፣ ዛሬስ ጡትህ ወተት ሰጠ ወይ?› እንለው ነበር።»

«እሳቸው ምን ይሉ ነበር?»

«‹ሳቁ፣ ሳቁ፤ ልጁ ሳቅ ሲሰማ ይተኛል› ይለናል።»

«በሬውን ሲቆጣስ!» አለች አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መሀል። «ልጁ እንዳይነቃ በሹክሹክታ ነበር የሚሳደበው። ‹አንተ የተረገምክ፣ አንተ የጅብ ራት› ይለዋል ቀስ ብሎ። በሬው ይምታታበትና ዞሮ ያየዋል!»

ከዚያ በኋላ ዳሱን ማን ይያዘው? ይሄኛው፣ ሟቹ በዝናብ ቀን ልጁን በደረቱ አድርጎ ቆዳ ደርቦ እንዴት እንደ ሄደ ይናገራል፤ ያኛው ሽምግልና ተቀምጦ ከሳሽና ተከሳሽን «ቀስ ብላችሁ ተካሰሱ» እንዳላቸው ያወራል። በቅሎዋን ያነሣ ሰው አልነበረም። ልጅ እግሮቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ፤ ያ ጎረምሳም ሳይቀር ከወንበሩ ተነሥቶ ቀረበ።

ገበሬው ከአያቱ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲኖር ይህን አንድም ቀን አልሰማም።

«እንዴት አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ላደገ ወንድ ‹በአንቀልባ አድገሃል፣ አያትህም ሞግዚት ነበር› ይባላል እንዴ?» አለው ጥርስ አልባው ሽማግሌ። «ደግሞ ምን ይነገርሃል? አንተ ራስህ እዚያው አልነበርክም?»

ገበሬው ሄዶ ፍየሏን አለበ። ጥጡን ነክሮ ወደ ሕፃኗ ከንፈር ሲያስጠጋው መጀመሪያ አልተቀበለችም፤ ሁለተኛም አልተቀበለችም፤ በሦስተኛው አፏን ከፈተች። የቀረውን ገብስ በማግስቱ ወደ ጓዳ አስገባው። ሚስቱ ከሰነበተች በኋላ ዳነች፤ ልጅቱም አደገች። የዚያን ቀን ነገር ግን ምንም አታስታውስም።

የኔታ ጥበቡ ይህን ብለው ወደ አስናቀ ዞሩ።

«ልጄ አስናቀ፣ ገበሬው አንተ ነህ። እሱ በሬ አረደ፤ አንተ ፎቶግራፍ ሰቀልክ። የአያትህን ታሪክ ስትጽፍ ከስንተኛ ዓመትህ ጀመርክ?»

«ከአምስት ዓመቴ፣ የኔታ። ከዚያ በፊት ትዝ አይለኝም።»

«አየህ፣ የተውከው ዋናውን ነው። ልጅህ አሁን ያለችው አንተ በማታስታውሰው ዕድሜ ላይ ነው። ያን ጊዜ የተደረገልህን ማንም ሊነግርህ አይችል ይሆናል፤ እንዳልተጣልክ ግን በሕይወት መቀመጥህ ይመሰክራል። ልጅህ አያትህን በስማቸው አታውቃቸውም፤ ስም የምታውቅበት ጊዜ ገና ነው። በእቅፍ ግን ዛሬውኑ ታውቃቸዋለች። እሳቸው አንተን እንዳደረጉህ አድርጋት፤ ያን ጊዜ ያገኘቻቸው እሳቸውን ነው።»

«ግን እሷም እኮ አታስታውሰውም፣ የኔታ።»

«አታስታውሰውም። አንተስ መቼ አስታወስክ? እሳቸው እንደማታስታውሰው እያወቁ ነው ያደረጉት። ሊወረስ የሚገባውም ይኸው ነው።»

የኔታ መቋሚያቸውን ስበው ከጉልበታቸው ላይ አስደገፉት።

«ለመሆኑ ዛሬ ሚስትህ ዘንድ ማን አለ?»

«ማንም የለ። እናቷ ትናንት ሄደዋል። ብቻዋን ናት።»

«ብቻዋን» አሉ የኔታ። «አንተም እዚህ ተቀምጠህ ስለ ሙት ትጠይቀኛለህ።»

አስናቀ ተነሣ። በወጉ እንኳ አልተሰናበተም፤ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ።