የጥሩወርቅ ካርድ

በአንድ ወቅት፣ የጤና መድን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ገና መግባት በጀመረበት ዘመን፣ ጥሩወርቅ የምትባል ባለትዳር ሴት ሆዷን ድንገት አመማት። ባሏ ምንይችል ከጎረቤት ጋር ተጋግዞ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም በመኪና እስከ ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሙ አይቷት አንጀቷ መጠማዘዙን፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነችም እንደማትተርፍ ተናገረ።

ምንይችል መዋጮውን በየዓመቱ ሳያጓድል የሚከፍል ሰው ነውና፣ ሳይጨነቅ የመድን ካርዱን አውጥቶ ሰጠ። ካርዱ ላይ ያለው ስም የጥሩወርቅ ነው፤ ፎቶው ግን የሌላ ሴት። እስከዚያ ቀን ከቤቱ ታሞ ሐኪም ዘንድ የሄደ ስላልነበረ ካርዱን ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ካርድ የምትመረምረው ሲስተር ፀዳለ ነበረች። ደንቡ እንዲህ ያለው ካርድ ለእርማት ወደ ወረዳ ይመለስ ይላል፤ ወረዳው ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ፀዳለ ፎቶውን አየች፤ የምታቃስተውን ሴት አየች። ከዚያ ቅጹ ላይ «የካርዱ ባለቤት መሆኗን አረጋግጫለሁ» ብላ ጽፋ ፈረመች። ያረጋገጠችው ነገር ግን አልነበረም። ጥሩወርቅ ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች፤ ዳነችም።

ወር ሳይሞላ ሆስፒታሉ ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ያቀረበው የክፍያ ጥያቄ፣ አንድ ተቆጣጣሪ ጥሩወርቅን ተኝታ ሳለች ከካርዱ ፎቶ ጋር አስተያይቷት ስለነበር፣ «ታካሚዋና ካርዱ አይገናኙም» ተብሎ ተመለሰ። በዚያ ፊርማ የተነሳም የሆስፒታሉ የወሩ ሰነድ በሙሉ እንደገና ይመርመር ተባለና ክፍያው ሁሉ ታገደ። መድኃኒት ቤቱ ሳስቶ ሌሎች ሕሙማን ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ሳምንት ነበር። ፀዳለ ከሥራ ታገደች። ምንይችልም የሕክምናውን ወጪ ራሱ እንዲሸፍን ደብዳቤ ደረሰው፤ በሬዎቹን ከመሸጥ በቀር መላ አልነበረውም።

መንደሩ ተሰብስቦ መከረ። ብዙዎቹ ፎቶው የራሷ የጥሩወርቅ ነው፣ መልኳን የለወጠው በሽታው ነው ብለን እንመስክርላት አሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ውባንተ ግን እምቢ አሉ።

«በውሸት የተበላሸ በውሸት አይቃናም» አሉ። «ይህች ፎቶዋ ካርዱ ላይ ያለው ሴት በሕይወት ካለች ፈልጌ አመጣታለሁ።»

ካርዱን ይዘው ከገበያ ገበያ፣ ከደብር ደብር ዞሩ። በአራተኛው ሳምንት ምንይችል አንዱን በሬ ሸጠ። በስድስተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ከወንዝ ማዶ ባለ ቀበሌ ተገኘች፤ በእሷ ካርድ ላይ ደግሞ የጥሩወርቅ ፎቶ ተለጥፏል። ካርዴን ይነጥቁኛል ብላ አልሄድም ብትልም፣ አቶ ውባንተ ሦስት ቀን ደጅ ጠንተው አሳመኗት።

ሁለቱ ሴቶች ወረዳ ቀረቡ። የተቀበላቸው ገረመው፣ የክፍያ ጥያቄውን አንድ ቃል ሳይጠይቅ ውድቅ ያደረገው ሠራተኛ ራሱ ነው። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን እንዳስቀመጠ ነገሩ ገባው። በምዝገባው ቀን ሰልፉ ሲያጣድፈው ፎቶዎቹን ያቀያየረው እሱ ነበር። ማን እንደለጠፈ የሚያሳይ ፊርማ የለም፤ ሴቶቹም አያስታውሱትም። ዝም ብሎ ካርዶቹን አርሞ ሊሸኛቸው ይችል ነበር። ነገር ግን ጥፋቱ የጽሕፈት ቤቱ መሆኑ በጽሑፍ ካልታመነ ውድቅ የሆነው ጥያቄ ዳግም አይታይም። ገረመው «ስህተቱ የእኔ ነው» ብሎ ጻፈና ለኃላፊው ሰጠ። ከዚያ የዚያን የምዝገባ ቀን መዝገብ በሙሉ አውጥቶ ሲያመሳክር ሌሎች አሥራ ዘጠኝ ሰዎች የተሳሳተ ካርድ ይዘው አገኘ። አንድ በአንድ አስጠርቶ አረመላቸው። እሱ ከደረጃው ዝቅ ተደረገ፤ የሆስፒታሉ ክፍያ ተለቀቀ፤ ፀዳለ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ለምንይችል የተጻፈው ደብዳቤም ተሻረ።

በዚያው ዓመት ወረዳው፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያይ አንድ ቅሬታ ሰሚ ሕዝቡ ይምረጥ አለ። ፀዳለ፣ አቶ ውባንተና ገረመው ሦስቱም ተጠቆሙ፤ ክርክሩም ጦፈ። አንዲት እናት፣ ለሬሳ ካርድ ቢታረምለት ምን ይረባዋል፣ ወንበሩ የፀዳለ ነው አለች። መድኃኒት ቤቱ በሳሳበት ሳምንት ለልጁ መድኃኒት ያጣ አባት ተነሥቶ፣ የእሷ ርኅራኄ በእኔ ልጅ ላይ ነው የወደቀው፣ ሰው ሳይጎዱ እውነቱን ያወጡት አቶ ውባንተ ናቸው ሲል መለሰ። ስድስት ሳምንት የሚታገሥ በሽታ የት አለ፣ ማንም ሳይደርስበት ራሱን ያጋለጠው ገረመው ይሻላል ያሉም ነበሩ። እሱማ ራሱ ያበላሸውን ነው ያቃናው ተባሉ።

እጅ ተቆጠረ፤ ሦስቱም እኩል ሆኑ። እጇን ያላነሣችው ጥሩወርቅ ብቻ ናት። ሰብሳቢው ዳኝነቱን ለእሷ ሰጣት።

ጥሩወርቅ ተነሣች። «ሦስቱም ባለውለታዎቼ ናቸው» አለች። «የምመርጠው ግን ለእኔ አይደለም። ነገ በቃሬዛ ለምትመጣው ሴት ነው።»

እናንተስ በጥሩወርቅ ቦታ ብትሆኑ፣ ለዚያች ሴት ስትሉ ወንበሩን ለማን ትሰጣላችሁ?