ጠብ የማይልበት ታንኳ

አንድ ሰው ነበረ። ቤት በሣር የሚከድን ሰው ነበረ።

ቆይ ግን ዘውገ፣ ደብተርህን አትሰብስብ። የጠየቅኸኝን ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ሁሉ ይስማው። ጥያቄው የሁሉም ነው፤ ደፍሮ የጠየቀው ዘውገ ሆነ እንጂ። ዘውገ ልብስ ሰፊ መሆኑን ታውቃላችሁ። ክረምት ከበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ ከልጅ ልጆቹ እኩዮች ጋር ተጣቦ ተቀምጦ እንግሊዝኛ ይማራል። የኃላፊውን ጊዜ፣ የአሁኑን፣ የትንቢቱን፣ ሁሉንም ለክቶ ነው የሚጽፈው። ቅጽሉን ከስሙ ፊት እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አስተካክሎ ያስቀምጠዋል። ቀይ እስክሪብቶዬ የእሱ መልመጃ ላይ ሥራ ፈትቷል። «እስቲ ተናገር» ሲባል ግን መርፌ እንደ ዋጠ ሰው ጭጭ ነው።

እንግዲህ እሁድ ልጁን ትርሲትን ይድራል። ሙሽራው ኬንያዊ ነው፤ እናትና አባቱ ከናይሮቢ ይመጣሉ። ዘውገ ተነሥቶ እንግዶቹን ሊቀበልና ልጆቹን ሊመርቅ ነው፤ አባት ነዋ! ዛሬ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ ሳልሳሳት የምናገረው መቼ ነው? እስከ እሁድ የማይሆን ከሆነ ወንድሜ ይመርቅልኝ፤ የሱ እንግሊዝኛ የተስተካከለ ነው» አለኝ። ሰማችሁልኝ? ልጁን ሌላ ሰው ሊመርቅለት! ተናድጄ ነበር፤ አሁን በረድ ብሎልኛል። በል ቁጭ በልና ስማኝ።

ያ ቤት የሚከድን ሰው የደጋ ሰው ነበረ። እሱ ከከደነው ቤት ጠብታ ገብቶ አያውቅም ይባልለታል። ክረምት ዶፉን ሲያወርደው ሰዎች እቤታቸው ተቀምጠው ወደ ጣሪያው እያዩ «እጁ ይባረክ» ይሉት ነበር። ኩራቱ ይኸው ብቻ ነበር፤ ሌላ ኩራት አልነበረውም። ሚስቱ በሞተችበት ዓመት አንዲት ሴት ልጁን ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር ወረደና እዚያው ኑሮ መሠረተ።

የሐይቅ ዳር ሰው የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነው። ደንገል ውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ቄጠማ መሰል ተክል ነው፤ አጭደው ያደርቁትና እስር እስሩን በልጥ ጠፍረው ታንኳ ያደርጉታል። ሰውየው የሣር ሥራ ስለሚያውቅ ይህን ሲያይ ደስ አለው። «ይህማ የተገለበጠ ጣሪያ ነው» አለ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልብ በሉልኝ።

ልጅቱ አደገች፤ ማዶ ካለችው ደሴት ባል አገባች። ሙሽሪትን ሊወስዱ ሲመጡ አባትየው አብሮ ሊሄድ አንድ እግሩን አነሣ። ወዲያው ታንኳው ውስጥ ውሃ አየ። እግሩን መለሰ።

«ይህ ያፈሳል» አለ።

«አባባ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው፤ ይግቡ» አሉት ቀዛፊዎቹ።

አልገባም። ልጁን ግንባሯን ስሞ፣ «እናንተ ሂዱ። እኔ ጠብ የማይልበት ታንኳ ሠርቼ እመጣለሁ» አላት። ማዶ ደርሳ ነጠላዋን እስክታውለበልብለት ድረስ ከዳር አልተነሣም። ስትደርስ ተመስገን አለ፤ ታንኳውን ግን አላመነውም። ዕድል ነው አለ።

ከዚያ ሥራ ጀመረ። ደንገሉን ራሱ መረጠ፣ ራሱ አደረቀ። ልጡን በጉልበቱ ተደግፎ አጠበቀ። ታንኳው ሲያልቅ ያማረ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ሐይቅ ሁሉ የሱን የሚያህል አልነበረም። ወደ ውሃው ገፋና ተቀመጠበት። ትንሽ ቆይቶ ሱሪው ረጠበ። እንደ ተነከሰ ሰው ዘሎ ወረደና ታንኳውን ጎትቶ አወጣው።

ሌላ ደንገል ጨመረበት። ረጠበ። በእበት ለቀለቀው፣ ሰም አቅልጦ አፈሰሰበት። ረጠበ። እንደገና ፈትቶ እንደገና ጠፈረው። ታንኳው እየወፈረ፣ እየከበደ ሄደ። ጎረቤት ይቀልድበት ጀመር፤ «ቤት ልትከራይበት ነው እንዴ? በር አውጣለት» ይሉታል። አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ አዝኖለት፣ «ወንድሜ፣ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ የሚጠጣውን ጠጥቶ ግን ይሸከምሃል» ቢለው «የእናንተ እጅ ችኩል ነው» ብሎ መለሰው። ሰው እኮ በሚያውቀው ሙያ ሲሳሳት ማንም አይመልሰውም። አንተም ሁለቴ ለክተህ አንዴ መቁረጥ ለምደህ ነው፤ ጨርቅ ከተቆረጠ አይመለስማ! ንግግር ግን ይመለሳል ዘውገ፤ ተሳስተህ፣ አርመህ፣ ስቀህ ትቀጥላለህ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ማዶ ያለችው ልጁ ወንድ ልጅ ወለደች። «ስም የሚያወጣለት አያቱ ነው፤ አባዬ ቶሎ ይምጣ» ብላ ዓሣ ሊሸጡ በሚሻገሩ ሰዎች ላከች። ሰውየው በደስታ አለቀሰ። «ጥቂት ነው የቀረኝ በሏት» አለ። ልጁ ሳቀ፤ ጥርስ አወጣ፤ አያቱ ግን ጥቂት እንደ ቀረው ነው። ክርስትና ሲነሣ ቄሱ ያወጡለት የክርስትና ስም አለው፤ የቤቱ ስም ግን አልነበረውም። ማሙሽ፣ ማሙሽ እየተባለ ዳዴ ማለት ጀመረ። ባሏ «እኔ ልሰይመው» ቢላት «አባቴ ሳለ!» ብላ ተቆጣች። ማታ ማታ ዳር ወጥታ ወደዚህኛው ማዶ ታይ ነበር ይባላል። እኔ ይህን ሳስብ ለአባትየው ሳይሆን ለሷ ነው የማዝነው።

አንድ ቀን ሰውየው እንደ ልማዱ ዳር ላይ ተንበርክኮ ልጥ ሲያጠብቅ ቀና ቢል ታንኳ ሲመጣ አየ። ባሏ ቆሞ ይቀዝፋል። እሷ መሐል ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇን ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ታንኳው ዝቅ ብሎ ውሃውን ሊስመው ነው። የቀሚሷ ጠርዝ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ሰውየው ሣሩንም ልጡንም ጥሎ ብድግ አለ።

«ውሃ ገብቶባችኋል!» ብሎ ጮኸ። «ተመለሱ! ውሃ ገብቶባችኋል!»

ልጁ እየሳቀች፣ «አባዬ፣ ስንነሣም ገብቶ ነበር እኮ!» አለችው።

ሰውየው ቆመ። ታንኳውን አየ፤ እርጥቡን ቀሚስ አየ፤ ሁለት እግሩን እያወራጨ የሚስቀውን ሕፃን አየ። የሚያውቀው ሁሉ ይህ ታንኳ ሊሰጥም ይገባል ይለዋል። ታንኳው ግን ይመጣል። የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው ውሃ ስለማይገባው አይደለም፤ ደንገል ስለሆነ ነው።

ከዚያ ያደረገውን ልንገርህ። እስኪደርሱለት አልጠበቀም። ያን ወፍራም ታንኳውን በትከሻው ገፍቶ ውሃ ላይ ጣለውና ገባበት። መቅዘፍ አያውቅም፤ ታንኳው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ዞረበት። ውሃው ሱሪውን አራሰው፣ አላየውም። እየዞረም እየተንገዳገደም ሐይቁ ላይ ደረሰባቸውና ሕፃኑን ከእናቱ እጅ ተቀበለ። ሲያለቅስ ሕፃኑ አፍንጫውን ያዘበት። «ስምህ ተሻገር ነው» አለው። በእሱ ማመንታት የሕፃኑ ስም ምን ያህል እንደ ዘገየ ሳይታወቀው አልቀረም፤ ስላፈረም ልጁን ቀና ብሎ ያያት ብዙ ቆይቶ ነው።

ምሳሌው ይህ ነው። አሁን ዘውገ፣ ቀና በልና እየኝ።

ያ ሰው አንተ ነህ። ታንኳው እንግሊዝኛህ ነው፤ ውሃው ስህተት ነው። የትናንቱን ለነገ ትላለህ፣ ቅጽሉ ከስሙ ኋላ ይሄድብሃል፣ ይገባል ውሃው። እኔም አርባ ዘመን አስተምሬ ይገባብኛል። ደንገሉ ግን የምትናገረው ነገር ነው። ልጅህን ትወዳታለህ፤ ሰዎቹን እንኳን ደህና መጣችሁ ልትላቸው ትፈልጋለህ። የምትንሳፈፈው በዚህ ነው። መልመጃው ከንቱ ነው አላልኩም፤ ልጡ ያልጠበቀ ታንኳ መሐል ላይ ይበተናል። ያጠበቅኸው ግን ልትሻገርበት እንጂ ዳር ላይ ቆመህ ልትጠብቀው አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስህ። ባለፈው ቅዳሜ የአማችህ እናት በስልክ የላከችልህን ድምፅ ለሁላችንም ያሰማኸን አንተ አይደለህም? ሴትዮዋ ከናይሮቢ ሆና፣ በአማርኛ። «ትርሲት ልጅ የኔ ነው። አንተ አታስብ» አለችህ። ሙሽሪትን ወንድ አደረገቻት፣ ቃሉን ወዲህና ወዲያ አገላበጠችው። አንተ ምን አደረግህ? ቀይ እስክሪብቶ ፈለግህ? መሐረብህን አውጥተህ ወደ ግድግዳው ዞርህ። አየንህ እኮ! እሷ ውሃ ገብቶባት፣ ቀሚሷ ርሶ፣ ልጅህን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣችልህ። አንተ ዛሬም ተንበርክከህ ልጥ ታጠብቃለህ።

በል ተነሥ። ደብተሩን እዚያው ተወው። እኛ የናይሮቢ ሰዎች ነን፤ ይኸው ተቀምጠን እየጠበቅንህ ነው። እሁድ የምትለውን አሁን በእንግሊዝኛ በለን።

አልሰማሁህም፤ ከፍ አድርገው።

እህ። «ልጄ እሁድ በጣም ደስ ብሏት ነበረ» አልክ። ገና ያልመጣውን እሁድ በኃላፊ ጊዜ ነገርከን። አየህ፣ ውሃ ገባ። እግርህን ተመልከት እስቲ፤ ሰጠምክ? ቆመሃል። እኛም ያልከው ገብቶናል፤ ያቺ ኋላ ያለችው ልጅ ዓይኗን እየጠረገች ነው።

ታዲያ ምን ታየኛለህ? ቅዘፍ እንጂ።