የአገልግሉ ሰውዬ

አንድ ቀን ጠዋት ዘውገ የሚባል የእድር ዳኛ አራት ሽማግሌ አስከትሎ ከአንዲት የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ደረሰ። የመጣው መምህርት አስካለን ሊከስ ነው። ዘውገ በዚያች ከተማ የማይመራው ነገር አልነበረም፤ እድሩን ይመራል፣ የወላጅ ኮሚቴውን ይመራል፣ ሰው ሲሞት ለቀስተኛውን አሰልፎ ይመራል። ንባቡ ግን ከጋዜጣ ርዕስ አልፎ አያውቅም፤ ርዕሱንም ቢሆን ግማሹን ነው።

አስካለ ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ አርባ ስድስት፣ መጽሐፉ ዘጠኝ ነው። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሲሆን ሁለቱ ያነባሉ፣ ሦስቱ ይጋፋሉ። ይህን አይታ አጫጭር ታሪክ ራሷ እየጻፈች ታነብላቸው ጀመር። በታሪኳ ውስጥ ለሰው ስም አታወጣም። አንብባ ስትጨርስ «ይህ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ? እናንተስ ብትሆኑ?» ትላቸዋለች። የሰውን ጠባይ ማወቅ ከራስ ይጀምራል ባይ ናት።

ጣጣ ያመጣባት ታሪክ ስለ አንድ ሰውዬ ነው። ሰውየው ለቅሶ በሰማ ቁጥር ባዶ አገልግል አሳምሮ ሸፍኖ ይሄዳል። ያየው ሁሉ «እዝን ይዞ መጣ፤ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» እያለ ይመርቀዋል። እሱ ግን ጓዳ ይገባና፣ ጎረቤት ለሐዘንተኛው ባመጣው ምግብ አገልግሉን ሞልቶ ይወጣል።

ልጆቹ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሱ። ቀጥሎ እጅ ማውጣት ጀመሩ። አንዱ የወንድሙን ዳቦ በልቶ በአይጥ ማሳበቡን ተናገረ። አንዷ ጾመኛ ነኝ እያለች ወተት ትጠጣ እንደነበር አመነች። ከአርባ ስድስቱ ሠላሳ አንዱ ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ ከአዋቂ መካከል ይህን ያህል ሰው ልፈልግ ብትል አገር ዞረህ ትጨርሳለህ። የዘውገም ልጅ ታሪኩ ቢጥማት ቤት ሄዳ ምሳ ላይ ለአባቷ ተረከችለት። ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ በተማሪ ዴስክ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ዘውገም ከጎናቸው ለብቻው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመ። ዘውገን ስለሚፈራ፣ ሽማግሌ የፈረደውን ሊፈጽም ቆርጧል።

«ይቺ ልጅ ስሜን አጥፍታለች» አለ ዘውገ። «ድንጋይ ተሸክማ እግሬ ላይ ትውደቅ! ይሄ ተረት ተረቷም ይቅር! እምቢ ካለች ከዚህ ትምህርት ቤት ትነሳልን። ልጆቻችንን ሂሳብ ይማሩ ብለን እንጂ የሰው ገመና ይማሩ ብለን አልላክናቸውም!»

«ስምዎን የት ላይ ጠራሁት፣ ጋሼ?» አለች አስካለ።

«አልጠራሽም! ተንኮልሽ እሱ አይደል እንዴ? ስም ስላልጠራሽ እኮ ነው ሰው ሁሉ እኔን እኔን የሚያየኝ!»

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጋሽ እንግዳወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጥፋት ካለብሽ ድንጋዩን ትሸከሚያለሽ።»

«እሸከማለሁ፣ አባቴ። ግን ወጉ መጀመሪያ ተበዳይ በደሉን በገዛ አፉ ይናገር ነው። እኔ ታሪኩን ላንብብ፤ እሳቸውን የነካሁበት ቦታ ስደርስ ያስቁሙኝ።»

«ልክ ናት» አሉ ሽማግሌዎቹ። ዘውገም ከእኔ በላይ ወግ አዋቂ ላሳር ባይ ነውና፣ እምቢ ማለት አልቻለም።

አስካለ ማንበብ ጀመረች። ባዶው አገልግል ሲሸፈን ዘውገ ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ሰውየው ጓዳ ሲገባ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ ግን አፉን ከፈተ ቢባል ለማዛጋት ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ዝም ካለ፣ ሽማግሌዎቹ «ለሰላም ሲባል» ብለው አቅም የሌለውን እንደሚያንበረክኩ አስካለ ታውቃለች፤ ሰላም በዚያ ከተማ ሁልጊዜ የሚገኘው ከደካማው ጉልበት ላይ ነው። የቀራት አንድ መስመር ነበር። ድምጿን ሳትለውጥ አነበበችው።

«እንዲህ እያደረገ ሰባት ለቅሶ ዞረ።»

ዘውገ ከዴስኩ ተፈናጥሮ ተነሳ።

«ሰባት? ሰባት ነው ያልሽው? ሰማችሁ አይደል ቅጥፈቷን! እመብርሃንን፣ ሦስት ነው! ከሦስት አላለፈም!»

ርዕሰ መምህሩ ጫማውን ያይ ጀመር። አስካለ ወረቀቷን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«እንግዲያውስ እርስዎ አልተበደሉም፣ ጋሼ» አለች። «የእኔ ሰውዬ የሰባት ለቅሶ እዝን የበላ ነው፤ ከዚህ ወረቀትም ወጥቶ አያውቅም። የሦስቱን የበላውን ግን እኔ አላውቀውም ነበር። ዛሬ እርስዎ አስተዋወቁን።»

ጋሽ እንግዳወርቅ ከዚያች ጠባብ ዴስክ እንደምንም ወጡና ዘውገ ፊት ቆሙ።

«ዘውገ፣ የባለቤቴ ለቅሶ ከሦስቱ ስንተኛው ነው?»