ሰው ያልሰፈረበት ሜዳ

አንድ የካርታ መምህር ነበረ። በዩኒቨርሲቲ ሃያ ዓመት አስተምሯል። የሳተላይት ምስል በኮምፒውተር ዘርግቶ «ይህ ደን ነው፣ ይህ እርሻ ነው» ሲል ስህተት ተገኝቶበት አያውቅም። ስለዚህ መስክ መውጣቱን ተወው።

አንድ ጊዜ ጎርፍ ላፈናቀላቸው አርባ አባወራዎች መስፈሪያ ቦታ ፈልግ ተባለ። በምስሉ ላይ በሁለት ኮረብቶች መካከል ደልዳላ ለምለም ሜዳ አገኘ። ቤት የለበትም፣ እርሻ የለበትም። ለምን እንደሌለበት ሳይጠይቅ አሰመረው። ካርታውም ጸደቀ።

ሰፋሪዎቹ ሊገቡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ሥራውን ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይዟቸው ወደ ሜዳው ወረደ። ቀትር ነው። ሜዳው ዳር ሲደርሱ የወፍ ድምፅ እንኳ ጠፋ። ሣሩ ደረት ይደርሳል፤ የነካው ከብት ግን የለም። አንዲት ሴት ዳር ዳሩን ታጭዳለች።

«እዚህ ሰው ሊሰፍር ነው» አላት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «እዚህ? ማን ላይ?»

መምህሩ ነገሩ አልገባውም። አቅጣጫ የሚያሳየውን መሣሪያ እያየ ወደ ሣሩ ገባ። ጥቂት እንደተራመደ ምድሩ ከእግሩ ሥር ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ከፊቱ ደግሞ ሣሩ፣ እንደተኛ ሰው ደረት፣ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ከታች የሆነ ነገር አጉረመረመ። መምህሩ እግሩን ሊነቅል ሲታገል ይበልጥ ሰመጠ።

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ! በሆድዎ ይተኙ!» ብላ ሴትዮዋ የሣር ማሰሪያ ገመዷን ወረወረችለት። ከተማሪዎቹ ጋር ጎትታ አወጣችው። «ከሥር ውሃ ነው፤ ሣሩ ነው የሸፈነው። አባቴን ከነበሬዎቹ ወስዶታል። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም።»

መምህሩ ጭቃ እንደለበሰ ወደ ሜዳው ዞሮ አየ። ከራሱ ሞት ይልቅ ያስፈራው፣ የአርባው ቤት ልጆች በዚያ ሣር ላይ ሲሯሯጡ በሐሳቡ መታየታቸው ነው። ከዚያ ካርታውን አውጥቶ በተማሪዎቹ ፊት ሰረዘው። በዚያው ጭቃ ልብሱ ካርታውን ወዳጸደቀው ቢሮ ሄዶ «ተሳስቻለሁ» አለ። ሰፋሪዎቹም ከሁለቱ ኮረብቶች በአንዱ ላይ ሰፈሩ።

አንቺ ልጄ፣ «ምስሉ ሁሉን እያሳየን መስክ ምን ያደርግልናል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምስሉ መምህሩን አልዋሸውም፤ ሣር አሳየው፣ ሣርም ነበር። ከሥሩ ያለውን ግን የምታውቀው ያቺ ሴት ናት። የአንቺም ምስል እንደዚያ ሣር ነው። ባዶ ነው ብለሽ ከማስመርሽ በፊት ሂጂና አጠገቡ የሚኖረውን ሰው ጠይቂ። መስመሩን የምታሰምሪው አንቺ ነሽ፤ የሚራመድበት ግን ሌላ ሰው ነው።